የሐበሻ ጥድ ምንድን ነው? ዘመዶቹስ በየአገሩ ምን ይሠራሉ?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም መናገሻ የሚኖር ሰው «ጥድ የቱ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቁመው በየግቢው ዙሪያ ለአጥር የተተከለውን ነው። ገና ሲደርስ መንገድ ዳር ተቆርጦ የሚሸጠውም በአብዛኛው እሱው ነው። እሱ ግን የፈረንጅ ጥድ ነው። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲከረክሙት እሺ ይላል፣ ለአጥር ደግሞ እንከን አይወጣለትም። የሐበሻ ጥድ ሌላ ዛፍ ነው፤ ወገኑም ሌላ ነው።

መለያው ፍሬው ነው። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ደረቅ ነው፣ እንጨት ይመስላል፣ ሲበስል ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን ከአተር ብዙም አይበልጥም። ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ይሆንና ላዩን ነጣ ያለ ብናኝ ያለብሰዋል። በሁለት ጣት ጨፍለቅ ሲያደርጉት ይፈርጣል፤ ሽታው ወዲያው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ግንዱም ያሳብቃል። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ወደ ታች በቀጫጭኑ እንደ ልጥ ይላጣል። ፍሬ የሌለው ዛፍ ካጋጠመ ወንድ ሊሆን ይችላል፤ ወንዱና ሴቱ ዛፍ ለየብቻ ናቸው።

በሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። ጁኒፐረስ የተባለው ወገን ከ50 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከአርክቲክ ጠርዝ እስከ ሂማላያ፣ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ እስከ አሜሪካ ደረቅ ምድር ተበትነዋል። የኛው ከሁሉም ወደ ደቡብ ርቆ የሄደ ነው። ከአረቢያ ተራሮች ተነስቶ ኢትዮጵያንና ኬንያን ይዞ እስከ ዚምባብዌ ይደርሳል። ከወገኑ ውስጥ ከምድር ወገብ በታች በተፈጥሮ የሚበቅል ሌላ የለም።

እንጨቱም፣ ቅጠሉም፣ ፍሬውም ሽታ ያለው ዘይት ይዟል። እንጨቱ ውስጥ ያለውን ምስጥና ብል አይወዱትም፤ እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስም ይሸሸዋል። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ሲቃጠሉ ጭሱ ያውዳል። በፍጹም ተገናኝተው የማያውቁ ሕዝቦች ከዚህ የዛፍ ወገን ጋር ያላቸው ልማድ እንዲህ የሚመሳሰለው በዚህ ዘይት የተነሳ ይመስለኛል።

በጭሱ እንጀምር። ከዚህ በኋላ ባዶውን ጥድ ስል የዚህን ወገን ዛፎች ማለቴ ነው። ቲቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት በየቤቱ ጣሪያና በየገዳሙ ደጅ የጥድ ቅርንጫፍ ይጨሳል። ላሳ ከተማ ምእመናን እየዞሩ በሚጸልዩበት የባርኮር መንገድ ላይ ለዚሁ ብቻ የተሠሩ ትልልቅ ማጨሻዎች ቆመዋል። ሰሜን ፓኪስታን፣ ሁንዛ ውስጥ ደግሞ ቢታን የሚባሉ ባለ ራእዮች የጥድ ጭስ እየሳቡ ከመናፍስት ጋር ይነጋገራሉ ይባላል። በስኮትላንድ ደጋማ ምድር የአዲስ ዓመት ጠዋት በርና መስኮቱ ተዘግቶ ቤቱ በጥድ ይታጠን ነበር። ሁሉም እስኪያስለው ድረስ ነው ታዲያ። ከብቶቹም በበረታቸው ይታጠናሉ። ከዚያ መስኮቱ ይከፈትና ለታጠነው ሰው ውስኪ ይቀርባል። በወይራ ጭስና በእጣን መሃል ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ምኑ እንግዳ ነው?

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ የጠመቃው ነገር ነው። ጠላ የጠመቀች እናት ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ኖርዌይ ገጠር ውስጥ ቤት የሚጠምቁ ሰዎች የጥድ ቅርንጫፍ በውሃ ያፈላሉ። በርሜሉን የሚያጥቡት በዚያ ውሃ ነው፤ ጠመቃውም የሚሆነው በዚያው ውሃ ነው። ፊንላንዶች ደግሞ ሳህቲ የሚባል የቤት ጠላ አላቸው። ከግንድ በተፈለፈለ ረጅም ገንዳ ውስጥ የጥድ ቅርንጫፍ ይነጠፋል። የራሰው ብቅል ከላዩ ይደረጋል። ፈሳሹ በቅርንጫፉ መሃል እየተጣራ ይወርዳል፤ ጣዕሙንም ይዞ ይወርዳል። እነሱ ግራዋና ጌሾ የላቸውም፣ ደጃቸው ላይ ያለው ጥድ ነው፤ ሥራውን ያሠሩት እሱን ነው።

ወደ እንጨቱ ስንመጣ የኛ አገር ታሪክ ይበረታል። እዚህ ጥድ ከምንም በላይ የተፈለገው ለእንጨቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ወራጅ፣ በርና መስኮት፣ የአጥር ቋሚ ሆኗል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የባህር ዛፍ ቋሚ በምስጥ ተበልቶ ሲወድቅ፣ የጥዱ ገና ቆሞ ይገኛል። በዚሁ ጠባዩ ተፈልጎ አለቀ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለቤትና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። ብዙ ሳይቆይ ባህር ዛፍ መጣ። ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥድ እንዲህ አይደለም። አንዴ ከሥሩ ከተቆረጠ ቦታው ላይ ያለው ተስፋ ዘር ብቻ ነው፤ ዘሩም ቢበቅል እድገቱ አዝጋሚ ነው።

ዛሬ ከከተማው ዳር ትልልቅ የሐበሻ ጥድ ማየት የፈለገ ሰው ሁለት ቦታ አለው። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ሌላው ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እዚያ እንዳስተከሉ ይነገራል። ከነዚያ ግዙፍ ግንዶች ሥር ቀና ብሎ ጫፋቸውን የፈለገ ሰው ነገሩን ለማመን አይቸገርም።

እዚህ ላይ የአሜሪካዎቹን የምዕራብ ኔቫዳ ነባር ሕዝቦች ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እነዚህ ሰዎች ለአደን ቀስት የሚሆን እንጨት ይፈልጉ ነበር። ዛፉን ግን አይጥሉም። ቀጥ ያለ የጥድ ግንድ ይመርጡና በድንጋይ መሣሪያ ከላይና ከታች ይበጡታል። በመሃል ያለው እንጨት እዚያው ዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ሲደርቅ ፈልቅቀው ይወስዱታል። ዛፉ ይኖራል፤ ቁስሉ ላይ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ዓመታት ቆይቶ ከዚያው ግንድ ሌላ ቀስት ይወጣል። ጠባሳቸውን የያዙ ዛፎች አሁንም ቆመው ይታያሉ። ጥድን እየተጠቀሙ ማቆየት ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

የእርሳሱ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። የምሥራቅ አሜሪካው ጥድ እንጨቱ ልስልስ ስለሆነ በቢላ ሲቀረጽ አይሰነጠቅም። የእርሳስ ፋብሪካዎች ተሻሙበት። ጥሩ ጥሩው ዛፍ ሲመናመን ሌላ እንጨት ፍለጋ ተሄደ፤ የኛው ጥድም ከኬንያ እየተቆረጠ ለእርሳስ ውሏል።

ፍሬው ደግሞ ኩሽና ገብቷል። ጂን የሚባለውን መጠጥ ጂን የሚያሰኘው የጥድ ፍሬ ነው። ጀርመኖች ጎመን ሲያኮመጥጡና የዱር ሥጋ ሲሠሩ ጣል ያደርጉበታል። በ1922 እ.ኤ.አ. በተገኘው የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ውስጥም ለሞተው ንጉሥ ከተቀመጠው ስንቅ መሃል የጥድ ፍሬ ነበረበት። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ ከፍሬው ይልቅ ወደ ቅጠሉ ያደላል። ያቃጥሉትና አመዱን ነፍተው ከሰማያዊ በቆሎ ገንፎ ጋር ያማስሉታል። አመዱ ካልሲየም አለው፤ ወተት እምብዛም ለማይጠጣ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው። ጉንዳን አንድ ጫፉን የበላውን ዘር ለቅመውም በክር ይሰኩታል፤ ለክፉ መንፈስ መከላከያ ተብሎ አንገት ላይ ይታሰራል።

ይህን አንብቦ ከደጁ ቀጥፎ ማፍላት የሚያምረው ሰው ይኖር ይሆናል። እባካችሁ ተዉት። ዝርያዎቹ አንድ አይደሉም። አውሮፓውያን ለምግብ የሚጠቀሙበት ዝርያ ከኛው ይለያል። ሳቢና የሚባለው የአውሮፓ ዝርያ መርዝ ነው፤ ጽንስ ለማስወረድ ብለው የጠጡት ሴቶች ሞተውበታል። የሚበላው ዝርያ እንኳ ለነፍሰ ጡርና ለኩላሊት ሕመምተኛ አይሰጥም።

መትከል ለፈለገ ግን በሩ ክፍት ነው። የከተማችን ዳር ዳር ደጋ ስለሆነ ይስማማዋል። ችግኝ ሳለ ፍሬ ስለሌለው ከፈረንጁ መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ችግኝ አፍዪውን ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ብቻ መትከል ዘር አያስገኝም፤ ሰብሰብ አድርጎ መትከል ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደግሞ ከብት እንዳይረግጠው ይታጠር። ለገና የሚቆረጥ ነገር የግድ ካስፈለገም ከአጥሩ የፈረንጅ ጥድ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል።