የኢንተርኔት ሥር ቁልፍ፦ በማን እጅ ነው፣ እንዴትስ ይከፈታል?

የዌብሳይት ስም ስንጽፍ ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይርልን ዲኤንኤስ ነው። የመጣው መልስ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በዲጂታል ፊርማ ሲሆን፣ የፊርማዎቹ ሁሉ መነሻ አንድ ቁልፍ ነው። በአማርኛ እምብዛም ስላልተጻፈበት እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲኤንኤስ የተነደፈው በ1983 ነው። ለረጅም ጊዜ ሥሩ፣ ማለትም የስሞቹ ሁሉ መዋቅር የሚጀምርበት የላይኛው ደረጃ፣ ያለ ፊርማ ሠርቷል። በ2008 ዳን ካሚንስኪ የተባለው የደህንነት ባለሙያ የሐሰት መልስ ማስገባት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሲያሳይ ግን ሁሉም ሥሩን ለማስፈረም ተጣደፈ። ቁልፉ በምስክር ፊት የሚፈጠርበትና ፊርማ የሚዘጋጅበት የመጀመሪያው የቁልፍ ሥነ ሥርዓት ጁን 16 ቀን 2010 በካልፔፐር፣ ቨርጂኒያ ተካሄደ፤ ሁለተኛው ጁላይ 12 በኤል ሴጉንዶ፣ ካሊፎርኒያ። ጁላይ 15 ሥሩ ተፈረመ።

እስከ ዛሬ ቁልፉ የሚጠበቀው በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች ነው፤ አስተዳዳሪው የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን (ICANN) ነው። በካርድ፣ በሚስጥር ቁጥርና በአካል አሻራ ካልሆነ አይገባም፤ ማንም ብቻውን አይገባም። ውስጥ በብረት አጥር የተከለለ ክፍል አለ፣ በክፍሉ ሁለት ካዝና። አንደኛው ቁልፉን በሆዱ የያዘውን መሣሪያ ይይዛል፤ መሣሪያው በኃይል ሊከፈት ከተሞከረ የያዘውን ራሱ ያጠፋል። ሁለተኛው ካዝና ውስጥ ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፣ በሳጥኖቹ ደግሞ መሣሪያውን የሚያነቁ ስማርት ካርዶች። የሁለቱ ካዝናዎች የመክፈቻ ቁጥር በተለያዩ ሰዎች እጅ ነው። የሳጥኖቹን ቁልፍ የሚይዙት ከየአገሩ የተመረጡ ፈቃደኞች ናቸው፣ ለየቦታው 7፤ ከ7ቱ ቢያንስ 3 ካልተገኙ ሥራው አይጀመርም። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ያየ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም፤ ቁልፉ በተለያየ ሰው እጅ፣ ቆጠራውም በምስክር ፊት።

ሁሉም ነገር ቢጠፋ ቁልፉን መልሶ ለማግኘት ሌሎች 7 ሰዎች ቁራጭ ይዘዋል፤ 5ቱ መገናኘት አለባቸው። በ2010 ከተመረጡት አንዱ ካሚንስኪ ራሱ ነበር፣ አንዱ ደግሞ ከቡርኪና ፋሶ። አፍሪካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ነበረች፤ ይህ ሊነገር ይገባዋል።

«ኢንተርኔትን ማጥፋት የሚችሉ 14 ሰዎች» የሚባለው ተረት ነው። የያዙት የሳጥን ቁልፍ ብቻ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ በዓመት 4 ጊዜ ይደረጋል፤ በየጊዜው የሦስት ወር ፊርማ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ እርምጃ አስቀድሞ ተጽፏል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል፣ በቀጥታ ይተላለፋል። መሣሪያውን የሚያዘው ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የለውም፣ ከኔትወርክም አይገናኝም።

በ2018 ቁልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀየረ፣ ከታቀደው አንድ ዓመት ዘግይቶ።

2020 ግን ከባድ ዓመት ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ኤል ሴጉንዶ ውስጥ የአንዱ ካዝና መቆለፊያ ተበላሽቶ አልከፈት አለ። ቁልፍ ሠሪ ተጠርቶ በመሰርሰሪያ ከፈተው፤ ለ12 የተቀጠረው ሥነ ሥርዓት በ16 ተካሄደ። ወዲያው ኮሮና መጣና ቁልፍ ያዦቹ መጓዝ አቃታቸው። ስለዚህ የሳጥን ቁልፎቻቸውን ቢነካ በሚያስታውቅ ከረጢት አሽገው ላኩ፣ ኤፕሪል 23 ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ተገኝተው፣ እነሱ ከያሉበት በስክሪን እየተከታተሉ፣ እንደወትሮው የሦስት ሳይሆን የዘጠኝ ወር ፊርማ በአንድ ቀን ተዘጋጀ። ይህን ያሰቡት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሥራ የሚቆጣጠርበት ከአይካን ጋር የነበረው ውል በኦክቶበር 2016 አብቅቷል። አሁንም ቁልፉ በአሜሪካ እጅ ነው የሚሉ አሉ፤ ሁለቱም ቦታዎች እዚያው መሆናቸው ክርክሩን ያጠናክርላቸዋል። ለእኔ ግን በሰው ሁሉ ፊት የሚከፈት ካዝና የማንም የግል አይደለም።

ቀጣዩ ቁልፍ በኤፕሪል 2024 ካልፔፐር ውስጥ ተፈጥሯል፤ ተራውን እንዲረከብ የተቆረጠለት ቀን ኦክቶበር 11 ቀን 2026 ነው።