የጣና ታንኳ እና የመንሳፈፍ ሕግ

ታንኳ በጣና ሐይቅ ላይ ለዘመናት ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ፣ ደንገል ከተባለ ረጅም የውሃ ዳር ተክል የሚሠራ ጀልባ ነው። ምስማርም ሳንቃም የለውም። የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ፊቱ ቀና ይላል፤ ውስጡ ደግሞ ሌላ ነዶ ይነጠፍና ሰውና ጭነቱ ከውሃው ከፍ ብለው ይቀመጡበታል። በዚህ ጥበብ ስማቸው የሚነሣው የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ነገደ ወይጦዎች ናቸው።

ውሃ ውስጥ የገባን ነገር ውሃው ከየአቅጣጫው ይጫነዋል። ግፊቱ በጥልቀት ስለሚጨምር ከታች የሚገፋው ከላይ ከሚጫነው ይበረታል። ልዩነቱ ሽቅብ ያነሣዋል። ይህ ኃይል ከተገፋው ውሃ ክብደት ጋር እኩል መሆኑን የገለጸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሲራኩሱ አርኪሜዲስ ነው። ታንኳ ላይ 100 ኪሎ ማገዶ ሲጫን፣ ተጨማሪ 100 ሊትር ውሃ እስኪገፋ ዝቅ ይልና ይረጋል።

የሳንቃ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ ስለማያስገባ ነው፤ ከተቀደደ ሊሰጥም ይችላል። ታንኳ ግን ከሥሩ ውሃ እየገባበትም ይሄዳል፤ የሚሸከመው አየር የቋጠረው የደንገሉ ውስጠኛ ክፍል ነውና። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ውሃ ቀስ በቀስ አየሩን ያስለቅቅና ደንገሉን ያከብደዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ሲመለስ ወደ ዳር ጎትቶ ፀሐይ ያስመታዋል።

ታንኳ ከጥንታዊ ግብፅ የደንገል ጀልባዎች ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ደንገሉ ግን የጣና ነው።

የጣና ደንገል በዓለም ፊት የተፈተነው በኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የባሕር ጉዞዎች ነው። ደንገል በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ከጣና ተቆርጦ የተወሰደው ደንገል በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለች ጀልባ ሆነ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥታ ለሳምንታት አትላንቲክን ቀዘፈች፤ የኋላ ክፍሏ እየሰመጠ ስለሄደ ከአትላንቲክ ማዶ ካለችው የባርቤዶስ ደሴት ሳትደርስ ሠራተኞቿ ለቀቋት። በቀጣዩ ዓመት «ራ 2»፣ እርሷም ከኢትዮጵያ ደንገል ተሠርታ፣ ከዚያው ወደብ ተነሣች። ይህቺኛዋን የሠሩት በደቡብ አሜሪካ ካለው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሕዝብ ሰዎች ነበሩ። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻገረ።

ዛሬ የሞተር ጀልባ በዝቷል፤ ደንገል የሚበቅልበት ረግረግም ወደ እርሻ እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው የእምቦጭ አረምም ዳርቻውን ወርሮታል።