«ቃል መስጠት» ምንድን ነው?

ቢቸና ገበያ ላይ «እገሌ ጣቢያ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ» ሲባል ይሰማል። ፖሊስ ስለ አንድ ወንጀል ጠይቆት የተናገረው ተጽፎ፣ ፈርሞበት ወይም አሻራውን አኑሮበት መዝገብ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምስክርነት ነው ወይስ በተጠርጣሪነት?» የሚለው ነው። ሁለቱም «ቃል» ይባላሉ፤ ሕጉ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 30 መሠረት ምስክር እውነቱን መናገር አለበት፤ ራሱን የሚያስከስሰውን ጥያቄ ብቻ አልመልስም ማለት ይችላል። ተጠርጣሪ ግን አንዲት ቃል እንዲተነፍስ አይገደድም። አንቀጽ 27ም ሆነ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ይህን ይላሉ፤ ዝም የማለት መብት እንዳለውና የሚናገረው ፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

እኛ ጎጃሞች ዘንድ ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል። በድሮው አውጫጭኝ ሌባው እስኪታወቅ አገሩ ተሰብስቦ ይውል ነበርና፣ ዝምታን የለመድነው ከነጥርጣሬው ነው። በዚያ ላይ «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ባይ ነን፤ ጣቢያ ያሉትን ፍርድ ቤት መካድ ይከብዳል። እንግዲያው ስምና አድራሻ ተናግሮ፣ «ከጠበቃ ጋር ሳልመካከር ቃል አልሰጥም» ማለት ነውር የለውም። ዝም ማለት ሌላ፣ መዋሸት ሌላ።

እንበልና የወሰን ጠብ ነው። ሰውየው «ሲገፋኝ ጊዜ በዱላ አንዴ ነካ አደረግሁት» ይላል። ወረቀቱ ላይ «በዱላ መትቼዋለሁ» ተብሎ ይሰፍራል። «ሲገፋኝ» የት ሄደች? መጨረሻው መስመር ደግሞ «ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈረምኩ» የሚል ነው። ስለዚህ ሳይነበብ አይፈረም፤ የጎደለችው ቃል ትግባ ይባላል፤ ካልገባች ፊርማው ይቆያል። ቋንቋው የማይገባው ሰው አስተርጓሚ ይጠይቃል።

በዱላ ወይም በዛቻ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል ሕገ መንግሥቱ። ሕጉ የሚለውና ጣቢያ ውስጥ የሚሆነው ሁሌ እንደማይገናኝ አንባቢ ያውቃል፤ ቢሆንም «በሕግ አምላክ» ብሎ አንቀጹን የሚጠራ ሰው ከማይጠራው ይሻላል ባይ ነኝ።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የመንገዱ ጊዜ ግን አይቆጠርም፤ ከአባይ በረሃ ቀበሌ በእግር ለሚመጣ ይህቺ ቀላል አይደለችም። ከዚያ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። የታሰረን ሰው ቤተሰብም ጠበቃም መጎብኘት ይችላል። ስንቅ ይዞ የሚሄደው ልጅ ታዲያ አገልግሉን ብቻ አድርሶ አይመለስ፤ አባቱ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ጠይቆ ይጻፍ። ዳኛው ፊት 48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያች ሰዓት ነው።