ዳተም ምንድን ነው? አዲንዳንስ ከየት መጣ?

ጂአይኤስ፣ ማለትም ካርታንና የቦታ መረጃን በኮምፒውተር መሥራት፣ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚያውቃት ጥያቄ አለች። «መምህር፣ መንገዱ ለምን ቤቶቹ ላይ ወጣ?» ተማሪው ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣውን የመንገድ ሌየር (መንገዶቹ ብቻ ያሉበትን የካርታ ንብርብር) ሳተላይት ምስል ላይ ጭኖታል። ኩርባው ልክ ነው። መስቀለኛው ልክ ነው። ግን ሁሉም ነገር ተያይዞ ወደ ደቡብ፣ በመጠኑም ወደ ምዕራብ ሸርተት ብሏል። ቦታው አዲስ አበባ ከሆነ ለኩት፤ 230 ሜትር ገደማ ይመጣል። እዚህም ያው፣ እዚያም ያው። የቀያሽ ስህተት ቢሆን አንድ ቦታ ይበዛ፣ ሌላ ቦታ ያንስ ነበር። እንዲህ እኩል የሚሸሽ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳተም ነው።

ዳተም ባጭሩ፣ አንድ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታን የሚጠቁም ቁጥር፣ ከየት ተነስቶ እንደተቆጠረ የሚናገር ስምምነት ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ላይ» ብሎ ቤቱን የሚጠቁም ሰው የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ካልነገራችሁ፣ 200 ሜትሯን በሴንቲ ሜትር ብትለኩትም ዋጋ የለውም። ኤክስ 473000፣ ዋይ 998000 የሚል ቁጥርም እንደዚያው ነው። መሐል አዲስ አበባ እንደሚያርፍ ግልጽ ነው። የትኛው ግቢ ውስጥ እንደሚያርፍ ግን ዳተሙ ሳይታወቅ መናገር አይቻልም።

ዳተም ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቅርጽ ነው። ምድር ድፍን ኳስ አይደለችም፤ ወገቧ ላይ ሰፋ፣ ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ትላለች፤ በዚያ ላይ ተራራና ሸለቆ አለባት። በእሷ ላይ በቀጥታ ማስላት ስለማይቻል ባለሙያዎች ለስላሳ የሒሳብ ቅርጽ ይተኩላታል፤ ኤሊፕሶይድ ይባላል። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ሮስ ክላርክ በ1880 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኤሊፕሶይድ የምድር ወገብ ላይ ያለውን ሬዲየስ 6,378,249 ሜትር ያደርገዋል። ዛሬ ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ደብሊው ጂ ኤስ 84 ደግሞ 6,378,137 ሜትር ይላል። ልዩነቱ 112 ሜትር ብቻ! ሳተላይትም ኮምፒውተርም በሌለበት ዘመን እዚህ ድረስ መቅረብ ሁሌም ይገርመኛል።

ሁለተኛው ነገር አተካከሉ ነው፤ ተማሪ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ቅርጹ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ምድር ላይ በሆነ ቦታ መታሰር አለበት። የድሮ ቀያሾች አንድ ነጥብ መርጠው፣ ከዋክብትን አይተው የነጥቡን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስናሉ። ከዚያ ከኮረብታ ኮረብታ ሦስት ማዕዘን እየሠሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ ቅርጹ የሚገጥመው ለዚያ አካባቢ ነው። መሐሉ ከምድር መሐል ጋር ይገናኝ አይገናኝ ያኔ ማንንም አላስጨነቀም። ሳተላይት ግን የምድርን የክብደት ማዕከል ስለሚዞር፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84 መሐሉን እዚያው ላይ ነው ያደረገው። ለኢትዮጵያ በሚሠራበት ስሌት፣ የእኛ የድሮ ዳተም መሐል ከዚያ ወደ 264 ሜትር ይርቃል። የመንገዱ መንሸራተት ዋናው ምክንያት ይኸው ርቀት ነው፤ የሁለቱ ቅርጾች ልዩነትም ይጨመርበታል።

የእኛው የድሮ ዳተም አዲንዳን ይባላል። ብዙ ተማሪ ስሙን ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ተራራ ይመስለዋል። አዲንዳን ግን አባይ ዳር፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ፣ የኑቢያ መንደር ነበር። ነበር ያልኩት የአስዋን ትልቁ ግድብ ሲሠራ ነዋሪው ተነስቶ መንደሩን ሐይቁ ስለዋጠው ነው። የሱዳን የቅየሳ መረብ መነሻ ያደረገው እዚያ ያለን ጣቢያ ነው፤ ኬክሮሱ 22 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ፣ ኬንትሮሱ 31 ዲግሪ ከ29 ደቂቃ ግድም። ወደ እኛ የመጣው ወንዙን ተከትሎ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያና አሜሪካ የአባይን ተፋሰስ አብረው ሲያጠኑ፣ የቅየሳው መረብ ከሱዳኑ ጋር ተያያዘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያልቅ ለግድብ ይሆናሉ ካላቸው ቦታዎች አንዱ ዛሬ የህዳሴ ግድብ የቆመበት አካባቢ ነው። አዲንዳንም በዚያው ቀረ። የካርታ ሥራ ድርጅት ያሳተማቸውን የ1፡50,000 ካርታዎች ግርጌ አንብቡ፤ አዲንዳን፣ ክላርክ 1880 የሚል ታገኛላችሁ።

ይኼ የታሪክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክፍል ውስጥ አላነሳውም ነበር። ችግሩ ሁለቱም ዳተሞች ዛሬም አብረውን መኖራቸው ነው። ስልካችሁ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ጎግል ኧርዝም እንደዚያው። የድሮ ካርታ፣ የድሮ የቅየሳ ነጥብ፣ ከዚያ የተቀዳ ሼፕፋይል (የጂአይኤስ ፋይል) ግን አዲንዳን ነው። የከተማ ቦታ መረጃም ላይ አዲንዳን ሞልቷል። አንድ ፎልደር ውስጥ ተደባልቀው ይመጣሉ፤ የፋይሉ ስም ደግሞ «ፋይናል 2» ይላል።

በሰርተፍኬት ፕሮግራሞቻችን ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ዳተም አንድ ስላይድ ይሰጠውና ወደ ቀለምና ሌጀንድ ይታለፋል። ተማሪው በሁለት ሳምንቱ ያማረ ካርታ ያወጣል። ካርታው የት እንዳለ ግን አያውቅም። የማታ ተማሪ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከውሃ ቢሮ፣ ከመንገድ ሥራ የሚመጣ ነው፤ የተማረውን በነጋታው ሥራ ላይ ያውለዋል።

እኔ የማስተምረው እንዲህ ነው። ዳተሙ ያልተጻፈበት አንድ የአዲንዳን ሌየር እሰጣለሁ። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ሶፍትዌሩ «ኮኦርዲኔት ሲስተሙን አላወቅሁትም» ሲለው ከዝርዝሩ የለመደውን ደብሊው ጂ ኤስ 84፣ ዞን 37 ይመርጣል፤ ዞን ምድር ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተከፈለችባቸው ቁራጮች አንዱ ነው፤ የምርጫው ኮድ 32637 ነው። ሌላው ግማሽ አዲንዳን፣ ዞን 37 ብሎ በ20137 ይሰይመዋል። ሁለቱንም ሳተላይት ምስል ላይ ስንከፍታቸው የመጀመሪያዎቹ ሌየራቸው ሸርተት ብሎ ሲያዩት ይንጫጫሉ። እዚህ ላይ ነው «መሰየም» እና «መቀየር» የሚለዩት። መሰየም፣ ማለትም ዲፋይን ማድረግ፣ ለፋይሉ «አንተ እንዲህ ነህ» ብሎ መለያ መለጠፍ ብቻ ነው። ከቁጥሮቹ አንዷም አትነካም። መቀየር፣ ማለትም ሪፕሮጀክት ማድረግ፣ ቁጥሮቹን በሙሉ አዲስ አድርጎ ያሰላል። አዲስ አበባ ላይ ከአዲንዳን ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ሲቀየር ኤክስ በ95 ሜትር ገደማ፣ ዋይ በ210 ሜትር ገደማ ይጨምራል። አዲንዳን የሆነን ፋይል ደብሊው ጂ ኤስ ብሎ የሰየመ ሰው ቀይሬዋለሁ ብሎ ያምናል። ፋይሉ ግን እዚያው ቆሟል፤ አሁን ደግሞ የሐሰት መታወቂያ ይዟል። ከዚያ ለሌላ መሥሪያ ቤት ይላካል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያወጣዋል?

ዳተምንና ዞንን አታምታቱ። አገራችን ከ36 እስከ 38 ባሉት ዞኖች ላይ ትዘረጋለች፤ ድሬዳዋ 37 ውስጥ፣ ጎረቤቷ ሐረር 38 ውስጥ ናት። ዞን የተሳሳተ ፋይል በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስለሚሸሽ ወዲያው ይታወቃል። ዳተም የሚያሸሸው ግን የአንድ ሰፈር ያህል ብቻ ነው። ዓይን ያታልላል፣ በተለይ ገጠር ላይ፣ ሁሉም ማሳ ማሳ በሚመስልበት።

መቀየሩም ቢሆን ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ጠቅ ማድረግ ብቻ አይደለም። ኪውጂስ የሚባለው የጂአይኤስ ሶፍትዌር አዲንዳንን ሲያይ ከአንድ በላይ የማሻገሪያ ስሌት ያቀርባል፤ የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የማሊ፣ የሴኔጋል። የኢትዮጵያው መሐሉ በሦስት አቅጣጫ በስንት ሜትር እንደሚዛወር የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት፦ 165 ተቀናሽ፣ 11 ተቀናሽ፣ 206 ተደማሪ። በጥድፊያ የማሊውን የመረጠ ሰው ካርታው ሊገጥም ትንሽ ቀርቶት በአሥሮች በሚቆጠሩ ሜትሮች ይስታል። ከ230 ሜትሩ የባሰ የምፈራው ይኼንን ነው፤ «እሺ ይሁን፣ ተቀራርቧል» ስለሚያስብል።

ትክክለኛውን ብትመርጡም በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የተሠራ ለውጥ ጥቂት ሜትሮች ይስታል። ለመንገድ ካርታ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ስርጭት ምንም አይደለም። በሁለት ጎረቤቶች መካከል ላለ አጥር ግን ጥቂት ሜትር ማለት ክስ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አካባቢው ላይ በሁለቱም ዳተም የታወቁ ነጥቦች ያስፈልጋሉ፤ ነጥቦቹን የሚያውቀው ደግሞ ላፕቶፑ ሳይሆን ቀያሹ ነው።