«የተፈጥሮ ቀለም አይለቅም» እና ሌሎች የሰለቹኝ የምንጣፍ ወሬዎች

ሥራዬ ምንጣፍ መጠገን ነው፤ አብዛኛው የኢራንና የቱርክ የእጅ ሥራ። ደንበኛው ምንጣፉን ሳይዘረጋ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። «ይሄ የተፈጥሮ ቀለም ነው። አይለቅም፣ አይደበዝዝም። የሚለቀው የኬሚካሉ ነው።» ማን ነገራችሁ? ሻጩ ነዋ!

እርግጥ ከማደር ተክል ሥር የሚወጣው ቀይና የኢንዲጎው ሰማያዊ ጥሩ ተደርገው ከተነከሩ ዘመን ይሻገራሉ። ማደሩ ግን ብቻውን ሱፉን አይዝም። ሱፉ አሉም በሚባለው ጨው መነከር አለበት። እሱ ላይ ከተሰነፈ፣ ተፈጥሮም ቢሆን ይለቃል። ቢጫውንማ ተዉት። እርድ ከመሬት የወጣ ተፈጥሮ አይደል? ፀሐይ ሲነካው ይነጣል። አረንጓዴ ደግሞ የሚገኘው ሰማያዊና ቢጫ ተደራርበው ነው። ቢጫው ሲጠፋ ሐረጉ ላይ ሰማያዊ ቅጠል ይቀራል። አሮጌ ምንጣፍ ላይ ጥቁሩና ቡናማው ብቻ ተበልቶ ካያችሁ ብልን አትክሰሱ። ሱፉን የጨረሰው ብረት የገባበት የተፈጥሮ ማቅለሚያ ነው።

የኬሚካሉን ስም ያጠፉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ በኋላ የተከተሉት፣ አኒሊን የሚባሉት ርካሽ የኬሚካል ቀለሞች እውነትም ጉድ ነበሩ። ኢራን ውስጥ እስከ መታገድ ደርሰዋል። አንዲት ደንበኛ ግራጫ ምንጣፍ አምጥታ «የአያቴ ስለሆነ ቀለሙ የተፈጥሮ ነው» አለችኝ። የምንጣፉን ፀጉር በጣቴ ገለጥ አድርጌ ሥሩን አሳየኋት። ቋጠሮው ጋ ደማቅ ሐምራዊ፣ ጫፉ ላይ አመድ። አኒሊን ነው፤ ላዩን ብርሃን በልቶታል። በኋላ የመጡት፣ ክሮም የሚባሉት የኬሚካል ቀለሞች ግን ፀሐይም ውሃም ይችላሉ።

ስለዚህ ከማጠባችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ እያንዳንዱ ቀለም ላይ ጫን አድርጉ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ እባካችሁ፣ ግቢ ውስጥ ውሃ አትልቀቁበት።

«ቀዩ እኩል አይደለም፣ ተበላሽቷል» ለሚሉኝ፦ አብራሽ ይባላል። ክር አልቆ ሌላ ጊዜ የተነከረ ሲገባ የሚመጣ ልዩነት ነው። ብዙ ሰው እንዲያውም ይወደዋል።

«የቱርክ ቋጠሮ ያለው የቱርክ ነው።» ታብሪዝ ኢራን ውስጥ ነው፤ ሠሪዎቹ የሚያስሩት ግን የቱርክ የሚባለውን ቋጠሮ ነው።

«ቋጠሮው በበዛ ቁጥር ይበልጣል።» የኢራኗን ከተማ የናይንን ምንጣፍ ከናይን ጋር ስታወዳድሩ ይሁን። ካዛክ የሚባለውን የካውካሰስ ምንጣፍ በቋጠሮ ብዛት የሚመዝን ሰው ግን ምንጣፉን አላየውም።

«ሠሪው ፍጹም ፈጣሪ ብቻ ነው ብሎ አውቆ ይሳሳታል።» ቆንጆ ወሬ ነው። በቀን ሺዎች ቋጠሮ የሚያስር ሰው ስህተት ፍለጋ አይወጣም።

«ስለሚያብረቀርቅ ሐር ነው።» ቪስኮስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክርም ያብረቀርቃል። ከላዩ ትንሽ ፀጉር ቆንጥራችሁ ለኩሱ። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ቪስኮስ የተቃጠለ ወረቀት።

ዘርፉን «ቆርጠህ አሳምርልኝ» የምትሉኝም አላችሁ። ዘርፉ የተሰፋ ጌጥ ሳይሆን የድሩ ጫፍ ነው። ከሥሩ ከተቆረጠ ማጉ ይላላል፣ ቋጠሮው ከዳር መርገፍ ይጀምራል፤ ያኔ የጥገናው ሂሳብ ሌላ ነው።