አሊ ቢራ፦ በአምስት ቋንቋ የዘፈነው የድሬ ልጅ

አሊ ቢራ ሲባል መጀመሪያ የሚጠጣው ቢራ ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም። ስሙ ግን ከዘፈን የመጣ ነው። በኦሮምኛ ቢራ ማለት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ሜዳው አበባ የሚለብስበት ወቅት ነው። እኛም በአማርኛ «ብራ ሆነ» እንላለንና ቃሉ ለጆሯችን ያን ያህል ባዳ አይደለም። አሊ መሐመድ ሙሳ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ መድረክ ላይ የተጫወተው የመጀመሪያ ዘፈን «ቢራ ዳ በሪኤ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ የአባቱን ስም የሚያነሳ ጠፋ። አሊ ቢራ ሆኖ ቀረ።

የተወለደው በ1939 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ነው። ይህን ሳይይዙ ቀሪውን ታሪኩን መረዳት ይከብዳል። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተቆረቆረች። ባቡሩ ታዲያ ሸቀጥ ብቻ አይደለም ያመጣው። የዓረቡ፣ የህንዱ፣ የግሪኩ ነጋዴ ከነዘፈኑ ወረደ። መጋላ በሚባለው የድሬ ሰፈር ያደገ ልጅ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሱቅ ሲላክ ሶማልኛ ወይም ሐረሪ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛ ቢናገር ማንም አይደነቅም። አሊ ወላጆቹ በልጅነቱ ተለያይተው ከአባቱ ጋር አደገ። ዓረብኛውን ከዓረብ ትምህርት ቤት አገኘ። በኋላ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ ሲዘፍን ብዙ ሰው «ምን ዓይነት ተሰጥኦ ነው!» አለ። ተሰጥኦው የእሱ ነው፤ ቋንቋውን ግን ሰፈሩ ነው የሰጠው።

የጀመረበት ቡድን አፍራን ቀሎ ይባላል። አፍራን አራት ማለት ነው፤ ስሙ የተወሰደው የቀሎ ልጆች ከሚባሉት አራት የኦሮሞ ጎሳዎች፣ ከአላ፣ ከኦቦራ፣ ከባቢሌና ከዳጋ ነው። በ1950ዎቹ የድሬ ወጣቶች ሲሰባሰቡ ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ሰርግ ላይ በሌላው ሁሉ ቋንቋ እየተዘፈነ የኛስ ለምን ይቅር? ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም ዘመኑ ቀላል አልነበረም። ኦሮምኛ በአደባባይ ብዙም ቦታ የማይሰጠው ነበርና ቡድኑ በመንግሥት ዓይን ገባ፣ ታገደ፣ ልጆቹም ተበተኑ። አሊ ወደ አዲስ አበባ መጣ።

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ያለፉበት ቤት ነው። እዚያ ሙዚቃ ከወታደራዊ ሥርዓት ጋር ነበር የሚሠራው። ለአሊ ትምህርት ቤት ሆነለት፤ ግን በኋላ ወጣ። ለእሱ ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ሥራ በኦሮምኛ የተቀረጸ የመጀመሪያው ዘመናዊ አልበም እየተባለ ይጠቀሳል። ከእሱ በፊት በኦሮምኛ የዘፈነ የለም ማለት አይደለም፤ ጥላሁንም ዘፍኗል። አሊ ግን አንዳንዴ ጎራ የሚልበት አላደረገውም። ቤቱ አደረገው።

ግጥምና ዜማ ራሱ ይሠራ ነበር፤ የሌሎችን ግጥምም ይወስድ ነበር። ዑድ የሚባለውን የዓረቦች ባለ ክር መሣሪያ ይጫወት ነበር፣ ጊታርም ይይዝ ነበር። ዑዱ የሐረርንና የድሬን ጠረን ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ዜማ ሱዳን ያደርስሃል፣ አንዳንዱ ቀይ ባሕርን ያሻግርሃል። ድምፁ አይጮኽም። በእኔ ጆሮ ትልቁ ችሎታው ይሄ ነው፤ ከጎንህ ተቀምጦ ጫት እየቀነጠሰ የሚያወራህ ነው የሚመስለው። «ባርኖታ» ስለ ትምህርት ነው፤ «ሂን ያዲን» አትጨነቅ ይላል። የፍቅር ዘፈኖቹ ላይ ደግሞ አድማጩ ሁለት ነገር ይሰማል። አንዷ ልጅቷ ናት፤ ሌላዋ አገር ወይም ሕዝብ ትሆናለች። ሰምና ወርቅ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ይሄ አዲስ አይደለም። ሳንሱር ባለበት ዘመን ለዘፋኙም መሸሸጊያ ነበር።

በደርግ ዘመን ከአገር ወጣ። ስዊድን፣ አሜሪካ፣ በኋላም ካናዳ ኖረ። ስደት ብዙ ዘፋኝ ያደርቃል፤ አሊን ግን አላደረቀውም። ሚኒያፖሊስም ሆነ ቶሮንቶ የኦሮሞ ሰርግና ስብሰባ ካለ ወይ እሱ ራሱ፣ ወይ ካሴቱ አይጠፋም ነበር። እዚያው የተወለዱ ልጆች ኦሮምኛውን አሟልተው ሳይችሉ የእሱን ዘፈን በቃላቸው ይዘውታል። የውጭው አድማጭም ዘግይቶ ቢሆን ደረሰበት፤ በፈረንሳይ የሚታተመው ኢትዮፒክስ የተባለ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 28ኛ ቁጥሩን ለእሱ ሰጠ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በመጨረሻዎቹ ዓመታትም አገሩ ተመልሶ ኖረ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በሕክምና ላይ ሳለ አዳማ ውስጥ በ75 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ድሬዳዋ ነው።