የድንጉላ ፈረስን ዘር መለየትና በናይትሮጅን ማቆየት ምንድን ነው?

ባህር ዳር ዙሪያ ከብት ያለው ሰው ሰው ሰራሽ ማዳቀል ሲባል ግር አይለውም። ቴክኒሻኑ የናይትሮጅን ዕቃውን በሞተር ሳይክል ጭኖ ይመጣል፣ አንዲት ስትሮ (የዘር ፈሳሽ የያዘች ቀጭን ቱቦ) ያወጣል፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሟሟታል፣ ላሟን ያዳቅላል፣ ይሄዳል። በቃ። ስለዚህ ጥር 23 እንጅባራ ወርዶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ፣ አንዱ ድንጉላ ልቡን የወሰደው ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ የዚህስ ዘር እንደ ኮርማው ተቀምጦ ለእኔ ባዝራ አይደርስም?

ይደርሳል። ግን በላም የለመዳችሁትን እንዳለ ይዛችሁ ወደ ፈረስ ከመጣችሁ ገንዘባችሁም ጊዜያችሁም ውሃ በላው ማለት ነው።

ነገሩ ራሱ ምንድን ነው? ከድንጉላ የተወሰደውን የዘር ፈሳሽ ማጣራት፣ ደህናውን ስፐርም (የወንዴ ዘር ሕዋስ) ከደካማው መለየት፣ ከዚያ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ማስቀመጥ ነው። እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ የሕዋሱ ሥራ ሁሉ ይቆማል። ናይትሮጅኑ ግን ዕቃው ባይከፈትም ቀስ እያለ ይተናል፣ በየጊዜው መሞላት አለበት። እሱ እስካልጎደለ ድረስ ዘሩ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ ድንጉላው ራሱ ቢሞትም።

አወሳሰዱ ቀላል ነው፤ ድንጉላው ቆዳ በለበሰ ማስመሰያ ወይም ድንጉላ በፈለገች ባዝራ ላይ ሲወጣ ሙቅ ውሃ በያዘ ሰው ሰራሽ ብልት ይቀበሉታል። ኮርማ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 5 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ድንጉላ ግን 50 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊሰጥ ይችላል፣ ዝልግልጉ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ ማለቴ ነው። ብዙ ስለሆነ ደስ አይበላችሁ። አብዛኛው ውሃማ ፈሳሽ ነው፣ ያ ፈሳሽ ደግሞ ስፐርሙን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት አይመችም። ስለዚህ ቅባቱ ከወጣ ወተት በተሠራ ማቅጠኛ ይቀላቀልና በሴንትሪፊውጅ 10 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ስፐርሙ ከታች ይሰበሰባል፣ ከላይ ያለው ፈሳሽ ይደፋል።

ቀጥሎ የሚጨመረው ነገር አስገራሚ ነው። የእንቁላል አስኳል፣ ወተት፣ ስኳር እና ግሊሰሮል። አዎ፣ ፋርማሲ ለቆዳ የምትገዙት ግሊሰሪን። ውሃ ሲረጋ በሕዋሱ ውስጥ ሹል የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፣ ያ ቅንጣት ሽፋኑን ይበጣጥሰዋል። ግሊሰሮል ይህን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ ውስጥ በአውራ ዶሮ ስፐርም ላይ ሲሞከር የተገኘ ነገር ነው፣ የከብቱም የፈረሱም ሥራ የተነሳው ከዚያ ነው። ሲበዛ ግን መርዝ ስለሚሆን ለድንጉላ ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ አይበልጥም። ከዚያ ግማሽ ሚሊ ሊትር በሚይዙ ስትሮዎች ይሞላል፣ በናይትሮጅኑ ጢስ ላይ ይቀዘቅዛል፣ በመጨረሻም ፈሳሹ ውስጥ ይገባል። ሲፈለግ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ይሟሟል።

ችግሩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከተሟሟ በኋላ ወደፊት የሚዋኘው ስፐርም 30 በመቶ ከሆነ በፈረስ ዓለም «አልፏል» ይባላል። የከብት ኮርማ ሲመረጥ ዘሩ ቅዝቃዜ መቻሉም አብሮ ይታያል፣ የማይችለው ከጣቢያ ይወጣል። ፈረስ ግን የሚመረጠው በሩጫው፣ በመልኩ፣ በዘሩ ስም ነው። ቅዝቃዜ ይችል አይችል ማን ጠይቆት ያውቃል? ስለዚህ ሜዳ ላይ ወደር የሌለው፣ በተፈጥሮም ባዝራ ሁሉ የሚያስረግዝ ድንጉላ ዘሩ ሲሟሟ ሙት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አስቀድሞ ጥቂት ስትሮ አቀዝቅዞ አሟሙቶ በማይክሮስኮፕ ከማየት ሌላ መላ የለውም። ለላም አንዲት ስትሮ ትበቃለች፤ ለባዝራ ግን በተለመደው አሠራር 8 ያህል ስትሮ በአንድ ጊዜ ይገባል።

መለየቱስ? አንደኛው ደህናውን ከደካማው ማበጠር ነው። ዘሩ በአንድ ወፍራም ፈሳሽ ላይ ይፈስና ይሽከረከራል፣ ጤነኛው ሰንጥቆ ወደ ታች ሲወርድ የተጎዳው ከላይ ይቀራል። ሌላው ወንድና ሴት መለየት ነው። ሴት የሚያስወልደው ስፐርም ወንድ ከሚያስወልደው 4 በመቶ ያህል የበለጠ ዲኤንኤ ይሸከማል። ስፐርሙ በሚያበራ ቀለም ይነከርና በሌዘር ፊት አንድ በአንድ ያልፋል፣ ማሽኑ ብርሃኑን ለክቶ ጠብታዎቹን በኤሌክትሪክ ወዲህና ወዲያ ይለያቸዋል። በላም በደንብ ይሠራል። በፈረስ ግን ስፐርሙ በማሽኑም በቅዝቃዜውም ሁለት ጊዜ ይጎዳል፣ የማርገዙ ዕድል ይወርዳል። እኔ ብሆን ለጊዜው ገንዘቤን እዚያ አላፈስም።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚዘነጋው ባዝራዋን ነው። ላም ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ከታየች ማታ ትዳቀላለች፣ ይህን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ባዝራ ግን በየ21 ቀኑ አካባቢ ትመጣና ከ5 እስከ 7 ቀን ድንጉላ ስትፈልግ ትቆያለች፣ እንቁላሏን የምትለቀው ደግሞ ፍላጎቷ ሊያበቃ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የድንጉላው ትኩስ ዘር በማህፀኗ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚቆይ ይጠብቃታል። በናይትሮጅን የቆየው ግን ከገባ በኋላ ከአንድ ቀን የዘለለ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ እንቁላሏ ከመውጣቱ 12 ሰዓት በፊት ወይም ከወጣ በ6 ሰዓት ውስጥ መዳቀል አለባት። ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፣ እንቁላል የሚያስለቅቅ ሆርሞን ያስፈልጋል፣ ሌሊት የሚነሳ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል። ጎበዝ ሐኪም ከሌለ የዓለም ምርጥ ስትሮም ዋጋ የለውም።

በሽታም አለ። ዶሪን የሚባለው በግንኙነት የሚተላለፍ የፈረስ በሽታ በአርሲና በባሌ ደጋ የታወቀ ነው። ዘር በስትሮ መምጣቱ ንክኪውን ያስቀራል እንጂ ድንጉላው ካልተመረመረ በሽታው ከዘሩ ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል። ስትሮ እንሽጥላችሁ የሚል ካለ የምርመራውን ወረቀት፣ ከተሟሟ በኋላ ስንት በመቶ እንደሚዋኝና ለአንድ ማዳቀል ስንት ስትሮ እንደሚሰጥ ጠይቁት። ድንጉላውና ባዝራው አንድ ቀበሌ ካሉ ግን ምን አስጨነቃችሁ፣ አገናኟቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ጋሪ ፈረስ ለምታኮላሹ። ድንጉላ ሲኮላሽ ከወጣው ቆለጥ ጎን ባለው ቱቦ ውስጥ የበሰለ ስፐርም ተከማችቶ ይገኛል። ቆለጡ 5 ዲግሪ ገደማ በሆነ የቅዝቃዜ ሳጥን በአንድ ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ ከደረሰ ያ ስፐርም ታጥቦ ይወጣና ስትሮ ውስጥ ይገባል። በዚህ መንገድ ከረጋ ዘር የመጀመሪያው ውርንጭላ የተወለደው ካናዳ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው ጉዳዩ የተመዘገበው። ስለዚህ ፈረሱ ጥሩ ከሆነ ቢላዋው ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል።